አይኤፍአርኤስ የማንን ኪስ ይነካል? ስለ ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የባንክ አክሲዮን የገዛ፣ ሂሳብ ክፍል የሚሠራ፣ ግብር የሚከፍል ወይም የመንግሥት ድርጅቶች ዕዳ የሚያሳስበው ሰው ሁሉ ይህ ጉዳይ ይመለከተዋል። ከታች ያሉት ባለአክሲዮኖች፣ ሂሳብ ሠራተኞችና ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። «እ.ኤ.አ.» ያልተባለበት ዓመተ ምሕረት የኢትዮጵያ ነው።

አይኤፍአርኤስ ምንድን ነው? የሚያወጣውስ ማን ነው?

አንድ ድርጅት ሀብቱን፣ ዕዳውን፣ ገቢውንና ወጪውን እንዴት መዝግቦና ለክቶ ለሌላ ሰው ማሳየት እንዳለበት የሚደነግጉ ደረጃዎች ናቸው። የሚያወጣቸው መቀመጫውን ለንደን ያደረገው ዓለም አቀፉ የሂሳብ ደረጃዎች ቦርድ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የተመሠረተውን ኮሚቴ ተክቶ እ.ኤ.አ. በ2001 ሥራ ጀመረ። ቦርዱ በመንግሥታት ስምምነት የቆመ ተቋም አይደለም። ደረጃው ሕግ የሚሆነው አንድ አገር በራሱ አዋጅ ሲቀበለው ነው።

ሂሳብ ሂሳብ ነው፤ ፖለቲካ ምን አገባው?

ቁጥሩ ከወጣ በኋላ የሚሆነውን ማየት ነው። ትርፍ ዝቅ ብሎ ሲመዘገብ የትርፍ ድርሻ ይቀንሳል፣ የሥራ አመራሩ ጉርሻ ይቀንሳል፣ የባንኩ የማበደር አቅም ይጠባል። ዕዳ ተደብቆ ከነበረበት ሲወጣ ደግሞ አበዳሪ ፊቱን ያዞራል። ስለዚህ የሂሳብ ደንብ ሊለወጥ ሲል የሚጎዳው ወገን አርፎ አይቀመጥም፤ ወደ መንግሥቱ ይሄዳል።

አውሮፓን እንመልከት። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው ደንብ አክሲዮናቸው በገበያ የሚሸጥ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የተጠቃለለ ሂሳባቸውን (የእናት ኩባንያውንና የቅርንጫፎቹን በአንድ ላይ) በአይኤፍአርኤስ እንዲያቀርቡ ወሰነ። የፈረንሳይ ባንኮች ግን የፋይናንስ ሰነዶችን በገበያ ዋጋ ለክቶ መመዝገብን አጥብቀው ተቃወሙ፤ ትርፋቸውን በየጊዜው ከፍ ዝቅ ያደርግብናል ብለው። ጉዳዩ እስከ ፕሬዚዳንት ዣክ ሺራክ ደረሰ፤ እሳቸውም እ.ኤ.አ. በ2003 ለአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዚዳንት ለሮማኖ ፕሮዲ ደብዳቤ ጻፉ። በማግሥቱ ዓመት ኅብረቱ ይህን ልኬት የሚደነግገውን አይኤኤስ 39 የተባለ ደረጃ (አይኤኤስ የሚባሉት ከቦርዱ በፊት በነበረው ኮሚቴ የተጀመሩ ደረጃዎች ናቸው) ከፊሉን ቆርጦ በማስቀረት አጸደቀው።

ከዚያ የባሰው እ.ኤ.አ. በ2008ቱ የፋይናንስ ቀውስ ጊዜ የሆነው ነው። የአውሮፓ መሪዎች በቦርዱ ላይ ጫና አበረቱበት። ቦርዱም ረቂቁን ለሕዝብ አስተያየት ሳያቀርብ፣ የራሱን የአሠራር ሥርዓት ዘሎ፣ ባንኮች ዋጋቸው የወደቀ ሰነዶችን በገበያ ዋጋ ወደማይለካ ሌላ መደብ እንዲያዛውሩ በጥቅምት ወር ፈቀደ። ዶይቸ ባንክ በዚያ ሩብ ዓመት በዚህ ፈቃድ ምክንያት ወደ 845 ሚሊዮን ዩሮ የሚሆን የዋጋ ቅናሽ ከመመዝገብ ዳነ፤ ከግብር በፊት ያሳየው ትርፍ 93 ሚሊዮን ዩሮ ነበር። ደንቡ ባይለወጥ ኖሮ ያው ባንክ፣ በያው ሦስት ወር፣ ኪሳራ ያሳይ ነበር። የቦርዱ ሊቀመንበር የነበሩት ሰር ዴቪድ ትዊዲ በዚያን ጊዜ ሥራቸውን ሊለቁ ተቃርበው እንደነበር ኋላ ላይ ለእንግሊዝ ፓርላማ ኮሚቴ ተናግረዋል።

አሜሪካ የማትጠቀምበትን እኛ ለምን እንጠቀማለን?

አሜሪካ የራሷ ደንብ አላት። ሁለቱን ለማቀራረብ እ.ኤ.አ. በ2002 በኖርዎክ ስምምነት ተደርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ኮሚሽን በአይኤፍአርኤስ የሚሠሩ የውጭ ኩባንያዎች ሂሳባቸውን ወደ አሜሪካ ደንብ እንዲያስታርቁ መጠየቁን አቆመ፤ ለራሷ ኩባንያዎች ግን እስካሁን አልፈቀደችም። ትልቅ የካፒታል ገበያ ያለው አገር እንዲህ ያለ ምርጫ አለው። ከውጭ መበደርና ባለሀብት መጋበዝ የሚፈልግ አገር ምርጫው ጠባብ ነው፤ ኬንያ በ1999፣ ጋና በ2007፣ ናይጄሪያ በ2012 (ሁሉም እ.ኤ.አ.) ወደ አይኤፍአርኤስ የገቡት በዚሁ መንገድ ነው።

አፍሪካ ደረጃዎቹ ሲጻፉ ድምፅ አላት?

አላት፤ ትንሽ ነው እንጂ። ቦርዱ 14 መቀመጫ አለው። አራቱ ለአውሮፓ፣ አራቱ ለአሜሪካዎች፣ አራቱ ለእስያና ኦሺንያ፣ አንዱ ለአፍሪካ የተመደበ ሲሆን፣ አንዱ ከየትም ሊሆን ይችላል። ቦርዱን የሚያስተዳድረው የአይኤፍአርኤስ ፋውንዴሽን ገንዘብም የሚመጣው ከየአገሩ መዋጮ፣ ከደረጃዎቹ ሽያጭና ከትልልቆቹ የኦዲት ድርጅቶች ነው።

ይህ ማለት ግን ታዳጊ አገር ደንብ ማስለወጥ አይችልም ማለት አይደለም። ቻይና የመንግሥት ድርጅቶች በሙሉ አንዱ የሌላው «ተዛማጅ ወገን» (በባለቤትነት ወይም በቁጥጥር የተያያዘ) ተብለው እያንዳንዱን ግብይት ቢዘረዝሩ ሪፖርቱ መጨረሻ አይኖረውም ብላ ተከራከረች፤ አይኤኤስ 24 እ.ኤ.አ. በ2009 ሲሻሻል ለመንግሥት ድርጅቶች ዝርዝሩ ቀለል ያለ ሪፖርት ተፈቀደ። የማሌዥያው ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። የፓልም ዛፍ እንደ ሰብል ተቆጥሮ በየዓመቱ በገበያ ዋጋ ይለካ የሚለው የግብርና ደረጃ ለዘይት አምራቾቿ ትርጉም አልሰጣቸውም፤ ዛፉ ራሱ አይሸጥማ! ማሌዥያ የግብርና ኩባንያዎቿን ከደረጃው አዘግይታ ሙግቷን ቀጠለች። ቦርዱ እ.ኤ.አ. በ2014 ደረጃውን አሻሻለ፤ ለዓመታት ፍሬ የሚሰጥ ተክል እንደ ማሽን በቋሚ ንብረትነት እንዲመዘገብ ሆነ። ዛሬ የቡናና የሻይ ተክል ያለው የኢትዮጵያ ድርጅት የሚጠቀመው በዚህ ለውጥ ነው።

ቦርዱ ለረቂቆቹ አስተያየት የሚቀበለው ከማንም ነው። ከኢትዮጵያ ባንኮች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የሙያ ማኅበራት በየረቂቁ አስተያየት መሄድ አለበት ብዬ አምናለሁ። ዝም ያለ አገር ሌላው በሠራው ልክ ይለብሳል።

ኢትዮጵያ መቼ ገባች?

አዋጅ ቁጥር 847/2006 የፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብን ደነገገ፤ የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድም ተቋቋመ። ከዚያ በፊት አንድ ወጥ አገራዊ ደረጃ አልነበረም፤ የዓለም ባንክ የአገሪቱን የሂሳብና የኦዲት አሠራር ሲገመግምም ይህን ክፍተት አንስቶት ነበር። በወጣው መርሐ ግብር መሠረት ባንኮች፣ ኢንሹራንሶችና የመንግሥት የልማት ድርጅቶች ሐምሌ 1 ቀን 2009 ጀመሩ፤ የባንኮቹ የመጀመሪያ ሪፖርትም በሰኔ 2010 የተዘጋው ዓመት ነው። ሌሎቹ በየተራ ተከተሉ፤ ቀኑ በወረቀት ላይ የተቀመጠውን ያህል ግን ተግባሩ አልፈጠነም።

ባንኬ አተረፍኩ ይላል፤ የትርፍ ድርሻዬ ለምን ቀነሰ?

ይህ ከሁሉ በላይ የሚጠየቅ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንየው።

ድሮ ባንክ ለተበላሸ ብድር መጠባበቂያ (ለኪሳራው ከትርፍ ላይ የሚቀነስ ሂሳብ) የሚይዘው ተበዳሪው መክፈል ካቆመ በኋላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008ቱ ቀውስ ይህ አሠራር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። አይኤፍአርኤስ 9 ነገሩን ገለበጠው፦ ባንኩ ብድር በሰጠበት ዕለት ሊደርስ የሚችለውን ኪሳራ ገምቶ መጠባበቂያ ይይዛል። ብድሩ ጤነኛ ሲሆን የሚቀጥሉትን 12 ወራት ኪሳራ ይገምታል። የተበዳሪው ሁኔታ ጉልህ በሆነ መጠን ከተበላሸ፣ ክፍያ ባያቋርጥም እንኳ፣ እስከ ብድሩ ዘመን መጨረሻ ያለውን ኪሳራ ይይዛል።

ብሔራዊ ባንክ ግን የራሱ መመሪያ አለው፤ ብድርን በአምስት መደብ ከፍሎ ከጤነኛው 1 በመቶ ጀምሮ ፈጽሞ እስከ ጠፋው 100 በመቶ መጠባበቂያ ያስይዛል። ባንኩ ሁለቱንም ማስላት አለበት። የብሔራዊ ባንክ ስሌት በልጦ ከተገኘ ልዩነቱ ከተጠራቀመ ትርፍ ላይ ተነስቶ ለባለአክሲዮን ወደማይከፋፈል መጠባበቂያ ይገባል።

በምሳሌ እናስላው። አንድ ባንክ ከግብር በኋላ 1 ቢሊዮን ብር አተረፈ እንበል። ሕጋዊ መጠባበቂያው የባንኩን ካፒታል እስኪያክል ድረስ ሩቡ፣ 250 ሚሊዮን ብር፣ ወደዚያ ይገባል። የብሔራዊ ባንክ የብድር ስሌት ከአይኤፍአርኤሱ በ120 ሚሊዮን ብር ቢበልጥ እሱም ይነሳል። ለክፍፍል የሚቀርበው 630 ሚሊዮን ብር ነው፤ ከዚያም ላይ ጠቅላላ ጉባኤው ለካፒታል ማሳደጊያ ሊያስቀር ይችላል። ጋዜጣ ላይ «ቢሊዮን አተረፈ» የሚለውን ያነበበ ባለአክሲዮን ጉባኤ ላይ ቢቆጣ አይፈረድበትም፤ ግን ገንዘቡ አልተሰረቀም፣ ባንኩ ውስጥ ነው ያለው።

የግምቱ ነገር ግን እውነተኛ ክርክር ያለበት ነው። የትግራዩ ጦርነት በጥቅምት 2013 ሲጀመር በክልሉ የነበሩ የባንክ ቅርንጫፎች ተዘጉ፤ ተበዳሪዎቹን ማግኘት፣ መያዣውንም ማየት አልተቻለም። ብድሩ ጠፍቷል ይባል ወይስ ይመለሳል? ስንት በመቶው? ይህን የሚመልስ ያለፈ መረጃ አልነበረም፤ ሰላሙ መቼ እንደሚመጣም በሂሳብ ቀመር አይሰላም። እንዲህ ባለ ጊዜ የሥራ አመራሩ ውሳኔ ትርፉን በመቶ ሚሊዮኖች ከፍ ወይም ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ነው የግምቱ መነሻ ምን እንደሆነ በሂሳብ ሪፖርቱ ማብራሪያ ውስጥ መጻፉን ማረጋገጥ ያለብን።

ብር ሲዳከም ሂሳቡ ውስጥ ምን ይሆናል?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። አይኤኤስ 21 በውጭ ገንዘብ ያለ ዕዳ ሪፖርቱ በሚዘጋበት ቀን ምንዛሪ እንዲመዘን ያዝዛል። 1 ሚሊዮን ዶላር የሚከፈል ሂሳብ የነበረበት አስመጪ ዕዳው ከ57 ሚሊዮን ወደ 100 ሚሊዮን ብር አደገበት፤ ልዩነቱም የዓመቱ ኪሳራ ሆኖ ይመዘገባል። አንድ ሳንቲም ገና ሳይከፍል! ዕቃውን በቀድሞው ዋጋ ሸጦ ለጨረሰ ነጋዴ ይህ መራራ ነው። የዶላር ተቀማጭ ወይም ተሰብሳቢ የነበረው ደግሞ በተቃራኒው ሳይሠራ ትርፍ ያያል።

ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ ዕዳው በእርግጥ አድጓልና። ነገር ግን ባንክ ከምንዛሪ ለውጥ ያገኘውን የአንድ ጊዜ ትርፍ የሥራ አመራሩ ብቃት አድርጎ ማቅረብ ወይም በሙሉ አውጥቶ መከፋፈል ትክክል አይመስለኝም።

ኢትዮጵያ የከፍተኛ ዋጋ ንረት አገር ተብላለች የሚባለው እውነት ነው?

አይኤኤስ 29 የሦስት ዓመት ድምር የዋጋ ንረት ወደ 100 በመቶ ሲቃረብ ወይም ሲያልፍ፣ ከሌሎች ምልክቶች ጋር ተዳምሮ፣ ኢኮኖሚው የከፍተኛ ንረት ኢኮኖሚ ተብሎ ሂሳቡ በዋጋ ማውጫ እንደገና እንዲሰላ ይጠይቃል። ኬንያ ያለው ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በማርች 2023 በተዘጋው ዓመት የኢትዮጵያ ቅርንጫፍ ኩባንያውን ሂሳብ በዚህ ደረጃ አስልቶ አቅርቧል።

ስሌቱ ዋጋ ንረት ማንን እንደሚበላ ፍንትው አድርጎ ያሳያል። ጥሬ ገንዘብና ተሰብሳቢ የያዘ ይከስራል፤ ዕዳ ያለበት ያተርፋል፤ ሕንፃና ማሽን ያለው ዋጋው ይጠበቅለታል። ለአንድ መንግሥት ደግሞ አገሩ በዚህ መዝገብ መግባቱ የገንዘብ ፖሊሲው ላይ የተሰጠ ምስክርነት ነው። ፖለቲካው የሚከርረውም ለዚህ ነው።

ግብሬ ይጨምራል?

በቀጥታ አይደለም። የፌደራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ግብር የሚከፈልበትን የንግድ ገቢ ለመወሰን ከሂሳብ ሪፖርት ደረጃዎቹ ይነሳና በራሱ ድንጋጌዎች ያስተካክለዋል። የእርጅና ቅናሽና የመሳሰሉት የግብር ሕጉን ተከትለው ይሰላሉ። ስለዚህ የሂሳቡ ትርፍና የግብሩ ትርፍ ይለያያሉ፤ ሪፖርቱ ላይ «የዘገየ ግብር» የሚባለው መስመር የሚመጣው ከዚህ ነው። ችግር የሚፈጠረው የግብር መርማሪውና ሂሳብ ሠራተኛው ደረጃውን እኩል ሳያውቁት ሲቀሩ ነው፤ በወረቀት ያለ ትርፍ እንደተሰበሰበ ገንዘብ ተቆጥሮ ክርክር ይነሳል።

የሕንፃ ዋጋ በገበያ ዋጋ ሲገመት እምነት ይጣልበታል?

በጥንቃቄ። በኢትዮጵያ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም። ሕንፃውን ከቆመበት የሊዝ መብት ለይቶ መገመት ከባድ ነው፤ የሽያጭ ዋጋዎችም በይፋ ተሰብስበው የሚገኙበት ቦታ ጥቂት ነው። ገማቹ ማን እንደሆነ፣ በምን ዘዴ እንደገመተ ሪፖርቱ ካልነገረን ቁጥሩ ላይ ብዙ መደገፍ አይገባም።

የመንግሥት ድርጅቶችንስ ምን አደረጋቸው?

ለእኔ የአይኤፍአርኤስ ትልቁ ፖለቲካዊ ፍሬ ያለው እዚህ ነው። ለረጅም ዓመታት ትልልቅ የመንግሥት ፕሮጀክቶች የተሠሩት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ብድርና ቦንድ ነው። ብድሩ እስኪመለስ ድረስ «ጤነኛ» ተብሎ ሲጻፍ የአገሪቱ ትልቁ ባንክ ያማረ ትርፍ ያሳያል፤ የሚጠበቀውን ኪሳራ ገምተህ ያዝ ሲባል ግን ጥያቄው በግልጽ ይወጣል፦ ስኳር ፋብሪካው፣ የኤሌክትሪክ ድርጅቱ፣ ምድር ባቡሩ በእርግጥ ይከፍላሉ? ካልከፈሉ ማን ይከፍላል?

መልሱ በመጨረሻ የመጣው ከበጀት ነው። በ2013 የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ተቋቁሞ የበርካታ ድርጅቶችን ዕዳ ተረከበ፤ በ2017 ደግሞ ምክር ቤቱ ለንግድ ባንክ 900 ቢሊዮን ብር ገደማ የመንግሥት ቦንድ እንዲሰጥ አጸደቀ። ዕዳው የዜጎች ሆነ ማለት ነው። ይህን ውሳኔ ያስከተለው የሂሳብ ደረጃ ብቻ ነው አልልም፤ የብድር ፖሊሲውና የአይኤምኤፍ ፕሮግራሙም አሉ። ግን በታማኝነት የተለካ ሪፖርት ቀደም ብሎ በየዓመቱ ቢወጣ ኖሮ ውይይቱ ቁጥሩ እዚህ ሳይደርስ ይጀመር ነበር።

የግል ባንኮችም ተመሳሳይ ታሪክ አላቸው። ከ2003 እስከ 2012 ከሚሰጡት አዲስ ብድር 27 በመቶ የሚሆነውን የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ ወለዱ 3 በመቶ ብቻ ነበር፣ እነሱ ግን ለአስቀማጭ ቢያንስ 5 በመቶ ይከፍሉ ነበር። ይህ በሌላ ስም የተሰበሰበ ግብር ነው።

የውጭ ባለሀብት ያመጣልናል?

ብቻውን አያመጣም። በአውሮፓና በሌሎች አገሮች እ.ኤ.አ. የ2005ቱ ለውጥ ያስከተለውን ውጤት የመረመሩ ጥናቶች ያገኙት፣ የአክሲዮን ግብይት መሻሻልና የካፒታል ወጪ መቀነስ የታየው በዋናነት ቁጥጥራቸው በጠነከረና ሕጋቸው በሚሠራባቸው አገሮች መሆኑን ነው። ደረጃውን በአዋጅ መቀበልና ሪፖርቱን የሚመረምር፣ ሐሰተኛውን የሚቀጣ ተቋም መኖር የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የራሳችንም ልምድ ይህንኑ ይናገራል። ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን፣ 100 ሚሊዮን አክሲዮን በ300 ብር፣ ለሕዝብ አቅርቦ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ተከፍቷል፤ የውጭ ባንኮች እንዲገቡም ሕጉ ፈቅዷል። ሪፖርቱ በሩን ይከፍታል፤ ገዢው የሚገባው ትርፉን ወደ አገሩ መውሰድ መቻሉን፣ ፍርድ ቤቱንና ሰላሙንም አይቶ ነው።

አነስተኛ ድርጅቶችም ይህን ሁሉ ይሠሩ?

የለም። ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ አጠር ያለ የራሱ ደረጃ አለ። ለብዙ ነጋዴ እሱም ቢሆን ይከብዳል፤ የአማካሪና የኦዲት ክፍያው ከጥቅሙ እንዳይበልጥ ተቆጣጣሪው ማሰብ ይኖርበታል።

በውጭ አገር እኖራለሁ፤ የባንክ አክሲዮን አለኝ። ሪፖርቱ ላይ ምን ልይ?

በ2011 በወጡት ሕጎች የውጭ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን በባንክና በኢንሹራንስ አክሲዮን መግዛት ስለተፈቀደላቸው ይህ ጥያቄ ከዋሽንግተንም ከዱባይም ይመጣል። ትርፉን ከማየት በፊት የኦዲተሩን አስተያየት ያንብቡ፤ «በስተቀር» የሚል ቃል ካለ ምክንያቱን ይፈልጉ። ቀጥሎ የብድር ስጋት ማብራሪያው ጋ ይሂዱ፦ ስጋታቸው የጨመረ ብድሮች ካለፈው ዓመት ጋር ሲነጻጸሩ ስንት ደረሱ? መያዣው በስንት ተገመተ? ከዚያ የተዛማጅ ወገኖች ግብይት አለ፤ የቦርድ አባላትና ትልልቅ ባለአክሲዮኖች የተበደሩት እዚያ ይጻፋል። ትርፉ ውስጥ የምንዛሪ ልዩነት ምን ያህሉን እንደያዘም ይዩ። መልስ ያላገኙበትን ነገር ከጠቅላላ ጉባኤው በፊት በጽሑፍ ለባንኩ ይላኩ፤ መገኘት ካልቻሉ ጥያቄዎን ጉባኤው ላይ የሚያነሳልዎ ሰው በውክልና ይላኩ።